ነፍስ የተመዘነባት ቪየና

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። በጃንዋሪ 1815 ሦስት ሰዎች ተሸሽገው ፈረሙበት፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ ንጉሠ ነገሥት በገዛ እጁ እሳት ውስጥ ጣለው ይባላል። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። በእኛ አገር ያኔ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ የየጁው ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ጎንደር ላይ ንጉሥ ያነግሣሉ፣ ንጉሥ ያወርዳሉ። አውሮፓም ከዚህ የተሻለ ወግ አልነበራትም። እንዲያውም እዚያ የሚነሣውና የሚወድቀው ንጉሥ ብቻ አልነበረም፤ አገርም ጭምር እንጂ።

ናፖሊዮን ቦናፓርት አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር ሲያምስ ኖሮ በመጨረሻ አራት ኃያላን አንድ ላይ ቆሙበት፤ ሩስያ፣ ኦስትሪያ፣ ፕሩሲያና እንግሊዝ። ከዚያ በፊትም ስንት ጊዜ ተባብረው ስንት ጊዜ ተበትነዋል። አንዱ ሲሸነፍ ለብቻው ይታረቃል፣ ሌላው መሬት ሲጣልለት ወደ ናፖሊዮን ይዞራል። ስለዚህ በማርች 1814 ሾሞን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተማማሉ። ማንም ለብቻው ላይታረቅ፣ እያንዳንዱም 150,000 ወታደር ሊያሰልፍ። ይህችን 150,000 አትርሷት፤ ደጋግማ ትመጣለች።

በዚያው ወር መጨረሻ ፓሪስ ገቡ። ናፖሊዮን ዙፋኑን ለቀቀ፤ ኤልባ የምትባል ትንሽ ደሴት ተሰጠችውና «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ማዕረግ ሳይነካበት እዚያ እንዲቀመጥ ተደረገ። በፈረንሳይ ዙፋን ላይ ሉዊ 18ኛ ወጣ። በሜይ 30 በተፈረመው የፓሪስ ውል ፈረንሳይ ወደ 1792 ወሰኗ ተመለሰች፤ ካሳ እንኳ አልተጠየቀችም። የቀረውን፣ ማለትም ናፖሊዮን ዘርፎት የነበረውን የአውሮፓ መሬት፣ ለመከፋፈል በሴፕቴምበር ቪየና ላይ ቀጠሮ ተያዘ።

ቪየና ያን ጊዜ ጉድ ነበረች። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንሲስ ነገሥታቱን በቤተ መንግሥቱ አስተናገደ፤ ቀን አደን፣ ማታ ጭፈራ። ቤትሆቨን ራሱ ሙዚቃውን መርቶላቸዋል። ነገር ግን ከሙዚቃውና ከዳንሱ ጀርባ ሌላ ሥራ ነበር። ሃገር የተባለ ባሮን የሚመራው የኦስትሪያ ምስጢር ፖሊስ የእንግዶቹን ደብዳቤ ከፍቶ ይገለብጥና መልሶ ያሽጋል። ምድጃ የሚያነድዱት ሠራተኞች ሳይቀሩ ደመወዝተኞቹ ናቸው። እንግዳው ቀዳዶ የጣለውን ብጥስጣሽ ወረቀት ከቅርጫትና ከአመድ ውስጥ ለቅመው ያመጣሉ፤ ፖሊሶቹ ቁራጩን ከቁራጩ እየገጠሙ ያነብባሉ። የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ካስልሬይ ነገሩ ገብቶት ገረዶቹን ራሱ መርጦ ቀጠረ። የአገሮች ዕጣ የሚወሰነው እንዲህ ባለ መተማመን ነበር!

አሁን የጠቡን ሥር ላሳያችሁ። ጠቡ የፖላንድ ነው። ፖላንድ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 በሦስት ጉርሻ ያለቀች አገር ናት፤ ሩስያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተካፈሏት። በተለይ የመጀመሪያው ክፍፍል ሰበቡ ይገርማል፤ አንዱ ብቻውን ቢወስድ ሌላው ይሰጋል፣ ሁሉም ቢወስድ ግን ማንም ከማንም አይበልጥም ተባለ። ናፖሊዮን መጥቶ ከቁራሹ የዋርሶን ግዛት አቋቋመ፤ ናፖሊዮን ሲወድቅ ደግሞ የሩስያ ጦር እዚያው ሰፈረበት። የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሳንደር ቪየና ሲደርስ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ፖላንድን አስነሣለሁ፤ ንጉሧም እኔ እሆናለሁ»። ያ ከሆነ ፕሩሲያ የነበራትን የፖላንድ ድርሻ ታጣለች። ለእሷ ማካካሻ ተብሎ የታሰበው ሳክሶኒ ነበር። የሳክሶኒ ንጉሥ ናፖሊዮንን እስከ መጨረሻ ሙጥኝ ብሎ ላይፕሲክ ላይ ስለተማረከ ጠበቃ የለውም።

ኦስትሪያ ደነገጠች። ሩስያ በምሥራቅ፣ ፕሩሲያ በሰሜን ሁለቱም ተስፋፍተው ደጇ ሊቆሙ ነው። የኦስትሪያው ሚኒስትር ሜተርኒክ ሲያባብል፣ ሲያዘገይ፣ ሲዋሽ ከረመ፤ አሌክሳንደር ከመናደዱ የተነሣ ዱኤል ሊጠራው ቃጥቶት ነበር ይባላል። ካስልሬይ ደግሞ የራሱ ጭንቀት ነበረው። እንግሊዝ አህጉሩ ላይ የምትፈልገው መሬት አልነበራትም፤ የማትፈልገው ግን በናፖሊዮን ቦታ ሌላ ናፖሊዮን እንዲቀመጥ ነው፣ የሩስያ ሰው ቢሆንም።

በዚህ መካከል ነው አንካሳው ሰውዬ የመጣው። ታሌራን። የትልቅ መኳንንት ልጅ፣ በእግሩ ስንኩልነት ምክንያት ከወታደርነት ቀርቶ ለቤተ ክህነት የተሰጠ፣ ጳጳስ የሆነ፣ ጵጵስናውን ጥሎ አብዮተኛ የሆነ፣ ናፖሊዮንን አገልግሎ ናፖሊዮንን የከዳ፣ አሁን ደግሞ የሉዊ 18ኛ ሚኒስትር። ስንቱን ጌታ እንደቀያየረ ቁጠሩለት። ወዳጄ ባደርገው ማታ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ግን አገሩን እሱ የጠቀመውን ያህል የጠቀመ ሰው ጥቂት ነው። ቪየና ሲገባ በእጁ ምንም አልነበረም፤ የተሸነፈ አገር መልእክተኛ ነው። አራቱ ኃያላን ዋናውን ነገር እርስ በርሳቸው ጨርሰው ለእሱ ሊያነቡለት ወስነዋል።

ሴፕቴምበር 30 ቀን ሜተርኒክ ዘንድ ጠሩት። ገብቶ በካስልሬይና በሜተርኒክ መካከል ተቀመጠ። ያዘጋጁትን ቃለ ጉባኤ ሰጡት። አየው፤ በየአንቀጹ «ተባባሪዎቹ» ይላል። ቀና ብሎ ጠየቀ፤ በማን ላይ ነው የምትተባበሩት? በናፖሊዮን ላይ እንዳይባል ኤልባ ነው። በፈረንሳይ ንጉሥ ላይ እንዳይባል እሱ የሰላሙ ዋስ ነው። ጦርነት ካለ ንገሩኝ፤ ከሌለ ግን ይህ ቦታዬ አይደለም አለ። ተያዩ። የሚመልስ ጠፋ። ቃለ ጉባኤው ተነሣ። የጉባኤው ጸሐፊ ጌንትስ የዚያን ቀን ውሎ በማስታወሻው ሲጽፍ ታሌራን እንዴት እንዳብጠለጠላቸው አልሸሸገም። ታሌራን በዚያች ቀን የተረዳው ነገር ቢኖር አራቱ የተጣበቁት በናፖሊዮን ፍርሃት እንጂ በሌላ እንዳልሆነ ነው። ፍርሃቱ ከሄደ ማጣበቂያው ይለቃል። ስለዚህ አልቸኮለም። «ፈረንሳይ ለራሷ አንድም ስንዝር አትፈልግም፤ የምትፈልገው ሕግ ይከበር ብቻ ነው» እያለ ጠበቀ። የቀማኛ አገልጋይ የነበረ ሰው ስለ ሕግ ሲሰብክ መስማት ለአሌክሳንደር ሬት ነበር።

መኸሩ አልፎ ክረምት ገባ፤ ክርክሩ ግን ፈቀቅ አላለም። ማን ስንት ያግኝ ለማለት መጀመሪያ ያለው ስንት እንደሆነ ማወቅ ነበረባቸው፤ በዴሴምበር መጨረሻ የቆጠራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው የሚቆጥረው ምን መሰላችሁ? ነፍስ ነው። የፈረንሳይ ከነበረውና ከተባባሪዎቿ ከተወሰደው መሬት ላይ ያለውን ሰው በየአውራጃው ጻፉት፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ሁሉ በነፍስ ሆነ። ለፕሩሲያ ይህን ያህል ነፍስ ይጎድላታል፣ ከሳክሶኒ ይህን ያህል፣ ከራይን ዳርቻ ይህን ያህል ይሙላላት። ልክ እንደ እህል ነጋዴ ሚዛን ዘንበል ካለው ወገን አንሥተው፣ በቀለለው በኩል ጣል ያደርጋሉ። ታሌራን በዚህም ላይ ተከራክሯል፤ ግን ሰው እንደ ከብት አይቆጠር ብሎ እንዳይመስላችሁ። ነፍስ ሁሉ እኩል አይደለም ነው ያለው፤ ጥሪትም ሙያም የሌለው የፖላንድ ገበሬና የራይን ዳርቻ ባለሀብት በአንድ ዋጋ እንዴት ይያዛሉ ብሎ ነው። ገበሬውን ማንም አልጠየቀውም።

እዚህ ላይ ለአፍታ ከቪየና ልውጣ፤ ነገሩ እኛንም ነክቶናልና። በኤፕሪል 1935 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስትሬሳ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ተሰብስበው በሂትለር ጀርመን ላይ ሊቆሙ ተስማሙ። የእነሱ ሂሳብ ግልጽ ነበር፤ ጀርመን ከበደች፣ ስለዚህ ሙሶሊኒ ከእኛ ወገን ይሁን። ሙሶሊኒን ከእነሱ ወገን ለማቆየት ደግሞ ዋጋ ያስፈልግ ነበር። በዚያው ዓመት ዴሴምበር ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በቦምብ እየደበደበ ሳለ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ፣ የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል፣ ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ከአገራችን ሰፊውን ክፍል ለኢጣሊያ የሚሰጥ ዕቅድ ነደፉ። ዕቅዱ ወደ ጋዜጣ አፈትልኮ ወጣና የእንግሊዝ ሕዝብ ጮኸ፤ ሆር ከሥልጣን ወረደ። ሙሶሊኒ ግን ሄዶ ሄዶ ከሂትለር ጋር ገጠመ። አገር ሸጦ ሚዛን መግዛት፣ ሚዛኑም ሳይገኝ መቅረት ማለት ይህ ነው።

ወደ ቪየና እንመለስ። ዴሴምበር ሲያልቅ የፕሩሲያው ሚኒስትር ሃርደንበርግ ትዕግሥቱ አለቀ። ሳክሶኒን በሙሉ መውሰዳችንን የማይቀበል ጦርነት እንዳወጀብን እንቆጥረዋለን የሚል ቃል ወረወረ። ናፖሊዮንን አብረው የጣሉት፣ በአንድ ከተማ አብረው የሚጨፍሩት ሰዎች ጦር ሊማዘዙ ነው። ናፖሊዮን ከወደቀ ዓመት እንኳ አልሞላም!

አጋጣሚ ደግሞ ታከለችበት። እንግሊዝ በዚያ ጊዜ ከአሜሪካ ጋር እየተዋጋች ነበር፤ ጦሯም ገንዘቧም ውቅያኖስ ማዶ ነው። በገና ዋዜማ ጌንት ላይ ከአሜሪካኖች ጋር ታረቀች፤ ወሬው በአዲሱ ዓመት መባቻ ቪየና ደረሰ። ካስልሬይ እጁ ተፈታ። ከለንደን የመጣለት ትእዛዝ በፖላንድና በሳክሶኒ ሰበብ እንግሊዝን ጦርነት ውስጥ እንዳይከት የሚል ነበር። እሱ ግን መንግሥቱን ሳያስፈቅድ ብዕሩን አነሣ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1815 ካስልሬይ፣ ሜተርኒክና ታሌራን በምስጢር ፈረሙ። ከሦስቱ አንዱ ቢጠቃ ሁሉም እንደተጠቁ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱም 150,000 ወታደር ያሰልፋል። መጣች አይደል ያቺ ቁጥር? ከአሥር ወር በፊት ፈረንሳይን ለመጣል የተማማሉባት ቁጥር አሁን ከፈረንሳይ ጋር ሆነው የትናንት ጓዶቻቸውን ለመግታት ዋለች። ታሌራን በማግስቱ ለንጉሡ ጻፈ፤ ኅብረታቸው ፈርሷል፣ ፈረንሳይም ብቻዋን አይደለችም አለ።

የዓለም ፖለቲካ መምህራን የኃይል ሚዛን የሚሉት ይህንኑ ነው። ሐሳቡ ጥንትም ነበረ፤ በ1713 የዩትሬክት ውል ላይ ስሙ በግልጽ ተጽፏል፣ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም በ1752 አንድ ጽሑፍ አውጥቶበታል፤ በእኛ ዘመን ሃንስ ሞርገንታው በ1948፣ ኬኔት ዋልትዝ በ1979 ትልልቅ መጻሕፍት ጽፈውበታል። ፍሬ ነገሩ ከአገሮች በላይ ዳኛ ስለሌለ አንዱ ሲፈረጥም ሌሎቹ ይሰበሰቡበታል የሚል ነው፤ ትናንት የተዋጉ መሆናቸው ከቁም ነገር አይገባም። ዋልትዝ እንዲያውም ማንም አስቦ ባይሠራውም ሚዛኑ በራሱ ይመጣል ይላል። እዚህ ላይ እኔ አልስማማም። ቪየናን ለሚያውቅ ይህ አይዋጥም። የጌንቱ ወሬ ሁለት ወር ቢዘገይ፣ ካስልሬይ ታዛዥ ሠራተኛ ቢሆን፣ በታሌራን ወንበር የተቀመጠው የሚያኮርፍ ሰው ቢሆን ሳክሶኒ በጠፋች ነበር። በራሱ የመጣ ነገር አላይም፤ ሌሊት እየሠሩ ያመጡት ነው።

የውሉ ወሬ ሹክሹክታ ሆኖ ሲሰማ አሌክሳንደርም ለዘብ አለ፣ ፕሩሲያም ተነፈሰች። በፌብሩዋሪ ተስማሙ። ፕሩሲያ ከሳክሶኒ ሕዝብ ሁለት አምስተኛ ያህሉን ወሰደች፤ ለጎደለው የራይን ዳርቻ ተሰጣት። የዋርሶ ግዛት አብዛኛው የአሌክሳንደር «የፖላንድ መንግሥት» ሆነ፤ ክራኮው ነፃ ከተማ ተባለች። ፕሩሲያን ራይን ላይ ያስቀመጧት ፈረንሳይን እንድትጠብቅ ነበር። ከሥሩ ያለው የድንጋይ ከሰል በኋላ ምን እንደሚያደርግ ያሰበ አልነበረም፤ በ1871 ፕሩሲያ ፈረንሳይን አሸንፋ የጀርመንን ንጉሠ ነገሥት ቬርሳይ ውስጥ አወጀች።

አሁን ወደ ትልቁ ማለዳ ደረስን። ማርች 7 ቀን ነው። ሜተርኒክ ከሚኒስትሮቹ ጋር በኛ አቆጣጠር እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሠራ አምሽቶ ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ ብሎ ተኝቷል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሽከሩ «አስቸኳይ» የተባለ ፖስታ ይዞ ገባ። ሜተርኒክ ላዩን አየ፤ ጄኖዋ ካለው ቆንስላ ነው። ወዲያ አስቀምጦ ሊተኛ ተገላበጠ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከፈተው። ስድስት መስመር ያህል ነው፤ ናፖሊዮን ከኤልባ ጠፍቷል። ብድግ ብሎ ለበሰ። ሁለት ሰዓት ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ፍራንሲስ ዘንድ፣ ሁለት ከሩብ አሌክሳንደር ዘንድ፣ ሁለት ተኩል የፕሩሲያ ንጉሥ ዘንድ ደረሰ። አራት ሰዓት ላይ ሚኒስትሮቹ ተሰበሰቡ። በፖላንድ ጉዳይ ወራት የተጨቃጨቁት ሰዎች ይህን ጦርነት የወሰኑት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ማርች 25 ቀን ኅብረቱን አደሱ፤ እያንዳንዱ 150,000 ወታደር።

ናፖሊዮን በበኩሉ ማርች 20 ፓሪስ ገባ። ሉዊ 18ኛ በችኮላ ሲሸሽ ወረቀቱን ሁሉ አልያዘም ነበር፤ ከተተዉት መካከል የጃንዋሪ 3ቱ የምስጢር ውል ተገኘ። ናፖሊዮን ደስ አለው። ወዳጅ የመሰሉት ምን እንዳሴሩበት ይይ ብሎ ለአሌክሳንደር ላከለት። በእርግጥም ካስልሬይ፣ ሜተርኒክ፣ ታሌራን በሙሉ ፊርማቸው አለ። አሌክሳንደር ሜተርኒክን አስጠራውና ወረቀቱን አሳየው። ይህን ታውቀዋለህ? ሜተርኒክ፣ መልስ አጥቶ የማያውቀው ሰው፣ ዝም አለ። አሌክሳንደርም በሕይወት እስካለን ስለዚህ ነገር አናነሣም፤ አሁን ሌላ ሥራ አለን ብሎ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ወረወረው ይባላል።

ናፖሊዮን የተሳሳተው የት ላይ ነው? ጠባቸውን በትክክል አውቆታል፤ ወረቀቱ እውነተኛ ነው። ያልቆጠረው ራሱን ነው። አሜሪካዊው ስቲቨን ዋልት በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ አገሮች የሚሰበሰቡት በጉልበተኛው ላይ ሳይሆን በሚያሰጋቸው ላይ ነው ይላል። ይህ ከዋልትዝ ይልቅ ልቤ ይደርሳል። ምክንያቱም በጉልበት ከሆነ ባሕሩን በሙሉ የያዘችው እንግሊዝ ነበረች፤ የባሕር ጉዳይ ቪየና ላይ ጨርሶ እንዳይነሣ አስቀድማ ከልክላለች፣ የተቆጣም አልነበረም። የእንግሊዝ መርከብ ሞስኮ አይገባም፤ ናፖሊዮን ግን ገብቶባታል። ፖል ሽሮደር የተባለ የታሪክ ሊቅ ቪየና ላይ የተሠራው ሚዛን ሳይሆን የእንግሊዝና የሩስያ የበላይነት ነው ብሎ የተከራከረው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ባልከተለውም ቀላል ክርክር አይደለም።

የጉባኤው የመጨረሻ ሰነድ፣ 121 አንቀጽ ያለው፣ ጁን 9 ተፈረመ። በዘጠኝ ቀኑ ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ ወደቀ። በኖቬምበር ፈረንሳይ ላይ 700 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳና 150,000 የሚሆን የውጭ ጦር ተጫነባት፤ አዎ፣ ያቺው ቁጥር። ሆኖም በ1818 ጦሩ ወጣ፣ ፈረንሳይም ከኃያላኑ ጋር እኩል ተቀመጠች። ሄንሪ ኪሲንጀር ወጣት ተመራማሪ ሳለ በሜተርኒክና በካስልሬይ ላይ የጻፈው መጽሐፍ በ1957 የወጣ ሲሆን፣ የሚያደንቀውም ይህንኑ ነው፤ የተሸነፈውን አላዋረዱትም። በ1919 በቬርሳይ ውል ጀርመን ላይ የሆነውን ለሚያውቅ አድናቆቱ ይገባዋል። ኃያላኑ እርስ በርስ ለመዋጋት እስከ ክራይሚያ ጦርነት፣ ሁሉም አንድ ላይ ለመተላለቅ ደግሞ እስከ 1914 ቆዩ። ለኃያላኑ ትልቅ ሥራ ነው፤ አልክድም።

የተቆጠሩት ነፍሶችስ? ፖላንዶች በ1830 በሩስያ ላይ ተነሡ፤ በዓመቱ ተደመሰሱ። ነፃ ከተማ የተባለችውን ክራኮውን በ1846 ኦስትሪያ ዋጠቻት። በ1863 እንደገና ተነሡ፤ እንደገና ደም ሆነ። ፖላንድ ነፃ አገር ሆና የተመለሰችው በኖቬምበር 1918 ነው፤ የቪየናው ሰነድ ከተፈረመ ከ103 ዓመት በኋላ፣ የተካፈሏት ሦስቱም ዘውዶች ከወደቁ ወዲያ።